ሰሜን ሰማይ ላይ አይደለም

«የአራተኛ ክፍል ልጆቼ የግድግዳ ካርታ ላይ አቅጣጫ አይስቱም። ግቢ አውጥቼ ሰሜን የት ነው ስላቸው ግን ጣታቸውን ወደ ሰማይ ይቀስራሉ። ምን ላድርግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው።

እህቴ፣ ያሳሳትናቸው እኛው ነን። «ላይ ሰሜን፣ ታች ደቡብ» እያልን ስናስደግማቸው ከርመን፣ ላይ የት ነው ሲባሉ ሰማዩን ቢያሳዩ ምን ይገርማል? እኔ እዚሁ ሐዋሳ አካባቢ ሳይንስ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደዚሁ አለፉ።

መጀመሪያ ካርታውን ከግድግዳ አውርጂው። ግቢ ውስጥ መሬት ላይ አንጥፊና የካርታው ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን እስኪገጥም አዙሪው። ልጆቹ ዙሪያውን ይቁሙ። (ጫማ አስወልቂ። ካርታ ከተቀደደ ሌላ እስኪመጣ ዓመት ያልፋል።) ያኔ ሰሜን ከመሬት ጋር የተኛ ነገር መሆኑን ራሳቸው ያዩታል።

ለዚህ ሐዋሳ ላይ ያለ መምህር ኮምፓስ አያስፈልገውም። ልጆቹ ፀሐይ ወደምትወጣበት ፊታቸውን ያዙሩ። ከፊታቸው የወንዶ ገነት ተራሮች፣ ከጀርባቸው ሐይቁ ነው። በግራ (በሰሜን) ጥቁር ውሃ ወንዝና የሻሸመኔ መንገድ፣ በቀኝ (በደቡብ) አላሙራ ተራራ። ታቦር ተራራን ግን መጀመሪያ ላይ አታንሺው። ከተማው ውስጥ ስላለ እንደቆምሽበት ቦታ አቅጣጫው ይለያያል። ሳምንት ቆይተሽ «ታቦር ከእናንተ ቤት በየት በኩል ነው?» በያቸው። እኔ ስጠይቅ አንዱ ሰሜን፣ ሌላው ደቡብ ብለው ሊጣሉ ደረሱ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ያን ቀን የተማሩትን በሦስት ክፍለ ጊዜ ገለጻ አላመጣውም ነበር።

ቀጥሎ ጥላ ነው። እዚህ ላይ ስህተቴን ልንገርሽ። ጥቅምት ላይ 1 ሜትር ዘንግ ግቢ ውስጥ ተከልን። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት በየ15 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አደረግን። ከሁሉ አጭሩ ጥላ 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ መጣ፤ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ወደ ጥቁር ውሃ በኩል። «እንግዲህ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው» ብዬ ደብተር ላይ አስጻፍኩ።

ግንቦት ላይ አንዲት ልጅ እየሮጠች መጣች። «ቲቸር፣ ዘንጉ ዞሯል!» ወጥቼ አየሁ። ጥላው ወደ አላሙራ ተዘርግቷል። እኔ ደግሞ «ማነው የነካካው?» ብዬ ክፍሉን ሙሉ ተቆጣሁ። ማንም አልነካውም ነበር። በማግስቱ አንድ የሃይስኩል ጂኦግራፊ መምህር ወዳጄ እየሳቀ አስረዳኝ። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። መጋቢት መጨረሻ ላይ ፀሐይ በአናታችን ታልፋለች፤ እኩለ ቀን ላይ የቀጥ ያለ ዘንግ ጥላ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ከዚያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ልጆቹን ይቅርታ ጠየቅኩና ደብተሩን አስተካከልን። «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል እነሱው ሰረዙት። አሁን ዘንጉን በጥቅምት፣ በመጋቢት መጨረሻና በግንቦት እያየን ሦስቱን ጥላዎች እናወዳድራለን።

ካርታችሁ አሮጌ ከሆነም አትዘኚ። የእኛው ላይ ደቡብ ሱዳን ገና ከሱዳን አልተለየችም። ልጆቹ «ቲቸር፣ ሲዳማ ክልል የታለ?» ይሉኛል። ካርታው የታተመው ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከመሆኑ በፊት ነዋ። ሐይቁ ግን እዚያው ቦታው ላይ አለ። ሰው ያሰመረውንና ተፈጥሮ የሠራችውን ለመለየት ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ አላገኘሁም። የጎረቤት አገሮችን ስም ማስሸምደዱ ለኋላ ይደርሳል።

ጊዜ ከተረፈሽ ሐይቁን ጠይቂያቸው። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፤ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል? መልሱን ቶሎ አትንገሪ። «ጉማሬው ይጠጣዋል» ያለኝ ልጅ አለ። ከፊሉ እንደሚተን ከፊሉም ወደ መሬት እንደሚሰርግ እስኪደርሱበት ሁለት ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ይፍጅ።

ዘንጉን ግን ማታ ማታ አስገቢው። የእኔን የመጀመሪያውን ዘበኛችን ቡና አፍልቶበታል።