መልስ፦ ሁለት ዓመት አስተምሬ ፍሬ ካላየሁ አገልግሎቴን ልተው?
ወንድሜ ሆይ፣ በድሬዳዋ ሕፃናትን ሁለት ዓመት አስተምረው ለውጥ ስላላዩ አገልግሎቱን ለመተው እንዳሰቡ ጽፈዋል። እኔ ያደግሁት በሐረር አካባቢ ከቡና ገበሬዎች መካከል ስለሆነ ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል። የቡና ችግኝ የመጀመሪያ ፍሬውን ለመስጠት 3 ወይም 4 ዓመት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ አባቴ ጥላ ያበጅለት፣ አረሙን ይነቅልለት፣ የፈረሰውን እርከን ይጠግንለት ነበር እንጂ ማደጉን ለማወቅ ሥሩን አይቆፍርም ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥6 እርሱ እንደ ተከለ፣ አጵሎስ እንዳጠጣ፣ ያሳደገው ግን እግዚአብሔር እንደ ሆነ የጻፈው ምእመናኑ በአገልጋዮች ስም ተከፋፍለው ስለ ነበር ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የደከመውን አገልጋይ እንደሚያጽናና ሁሉ፣ መከሩን የራሱ አድርጎ የሚቆጥረውንም ይገሥጻል። ገበሬው ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የሚጠብቅ ከሌለ ዘሩ መልካም መሆኑ ብቻውን አያድነውም። ልጆቹን በየቤታቸው ይጎብኙ፣ ወላጆቻቸውንም ያነጋግሩ። ድካሙ ከበረታብዎ ረዳት ይጠይቁ፤ ጳውሎስም ብቻውን አልሠራም። እኔ በበኩሌ፣ ቢያንስ እነዚህ ሕፃናት ወደ ቀጣዩ ክፍል እስኪያልፉ ድረስ አብረዋቸው እንዲቆዩ እመክርዎታለሁ።