ጥያቄና መልስ፦ በአፈር ሜዳው ለሞቱት ጓደኞቼ ምን ልበል?

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጎማ ቤት እሠራለሁ። አዲስ አበባም ሥራዬ ጎሚስታ ነበር። እዚህ እንደመጣሁ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አፈር ላይ የሚደረግ የመኪና እሽቅድምድም ወሰደኝ። ከዚያ ወዲህ ፒት ውስጥ፣ ማለት መኪኖቹ በሚዘጋጁበትና በሚጠገኑበት ቦታ፣ ጎማ የምቀይርለት ቡድን አለኝ። በዘንድሮው የበረዶ ወቅት ሁለት ሰው አጣን። አንዱ ያው ባልደረባዬ ነው። ልቡ ነው፣ ተኝቶ ቀረ። ሌላው ሜዳውን ውሃ የሚያጠጡት ሽማግሌ ናቸው፣ በካንሰር። ውድድሩ ሲከፈት ስማቸው በማይክ ይጠራል። እኔንም ሁለት ደቂቃ ተናገር አሉኝ። ባለቤቴ «ለፈረንጅ መኪና ነጂ አንተን ምን አገባህ?» ትላለች። እናቴ አገር ቤት ያረፈች ጊዜ ግን ይኸው ባልደረባዬ ቤቴ መጥቶ ከእድርተኛው ጋር አምሽቷል፤ ያውም በዓቢይ ጾም የዶሮ ጥብስ ተሸክሞ! ምን ልበል? ተዝካርስ ይወጣላቸዋል? ደግሞ ሚስቱ መሣሪያዎቹን በርካሽ ውሰድ እያለችኝ ነው። ነውር አይሆንም?

ጎሚስታው

መልስ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። የዶሮውን ነገር ሳነብ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እድርተኛው ምን እንዳለ በነገርከኝ! ንግግርህን እኮ ራስህ ጽፈህ ልከህልኛል። ማይኩን ያዝና እሱን ተናገር። ፈረንጆቹ ዓቢይ ጾም ምን እንደሆነ ስለማያውቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳቸው፣ ከዚያ ዶሮውን አምጣው። ይስቃሉ። ያለቅሳሉም።

እኔም ሜሪላንድ ጋራዥ እሠራ በነበረበት ዘመን ዓርብ ማታ ወደ ዊሊያምስ ግሮቭ እነዳ ነበር። መካኒክስበርግ አጠገብ ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተ፣ ዙሪያው ግማሽ ማይል የሆነ የሸክላ አፈር ሜዳ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከመታጠፊያው አጠገብ ተቀመጥኩ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር፤ ሌላውን አንተ ታውቀዋለህ።

ለማያውቁት አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። አፈሩ ከውድድሩ በፊት ውሃ ይጠጣል። ሲመሽ ጎማ ይይዛል። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ይደርቅና እንደ መስታወት ያበራል፣ መኪናውም ይንሸራተታል። መዞር ወደ ግራ ብቻ ስለሆነ የቀኝ የኋላ ጎማ ከግራው ይተልቃል። ልዩነቱ ስንት ይሁን የሚለው ደግሞ አፈሩ ምን ያህል እርጥብ ነው በሚለው ይወሰናል። ስለዚህ ውሃ የሚያጠጣው ሰው የሁሉንም ማታ በእጁ ይዟል ማለት ነው። አቧራ ከበዛ ይሰደባል፤ ጭቃ ከበዛም ይሰደባል። ልክ ሲሆን ማንም ስሙን አያነሳም። ስለ ሽማግሌው ምን ልበል ካልክ፣ ይኸን በል። አንተ የጎማውን ልዩነት ስትመርጥ የኖርከው እሳቸው ባጠጡት አፈር ላይ ነው። ይኸን ከነጂዎቹ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። «አሁን በሰማይ ሜዳ እየተሽቀዳደሙ ነው» አትበል። በየዓመቱ የሚባል ነው፣ ሰልችቷቸዋል። ደግሞ በዝግታ ተናገር። ስለ አነጋገር ቅላጼህ አይደለም፤ የዚያ ሜዳ ድምፅ ማጉያ ለአሜሪካኑም አይሰማም።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የእሽቅድምድም ሞት ሲባል ግጭት ብቻ ነው የሚታየው። ግጭቱም አለ። ብራያን ክላውሰን የሚባል የኢንዲያና ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግንቦት መጨረሻ ላይ ቀን በአስፋልቱ ትልቅ ሜዳ ላይ የሚደረገውን ዝነኛ ውድድር ኢንዲያናፖሊስ 500ን ነድቶ፣ ማታውኑ እዚያው ኢንዲያና ኮኮሞ ከተማ ሄዶ አፈር ላይ አሸነፈ። በነሐሴ ካንሳስ ቤልቪል ላይ ተገለበጠና በማግስቱ አረፈ። 27 ዓመቱ ነበር። አካሉን ለመለገስ ተመዝግቦ ስለነበር አምስት ሰው ተረፈበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢንዲያናፖሊስ ከትልቁ ሜዳ ውስጥ ትንሽ የአፈር ሜዳ ተሠራ። ውድድሩም በስሙ መነሻ ፊደላትና በመኪናው ቁጥር «ቢሲ 39» ተባለ፣ ዙሩም 39 ሆነ።

ከሜዳው ሰዎች የሚበዙት ግን እንደ ጓደኞችህ በልብ፣ በካንሰር፣ በእርጅና ነው የሚሄዱት። ዜሮ ቁጥሩን ለጥፎ አፈር ላይ ስንቱን ያሸነፈው ነጂ ስኮት ብሉምኩዊስት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 የሞተው በአውሮፕላን አደጋ ነው። ቲኬት ቆራጯ፣ ባንዲራ አውለብላቢው፣ ሀምበርገር ጠባሿ፣ ሁሉም ስማቸው ይጠራል። ለባለቤትህ እንዲህ በላት፦ እድር ማለት ይኸው ነው፣ መዋጮው በጎማ ነው እንጂ። እሷም አብራህ ትሂድ። ዋናው ውድድር ሊጀመር ሲል መኪኖቹ ቀስ እያሉ ሲዞሩ ለሟቾቹ ክብር የፊተኛው ረድፍ አንዱ ቦታ ባዶ ሲተው ትይ፤ ከዚያ በኋላ «ምን አገባህ» የምትልህ አይመስለኝም።

ተዝካሩን ለንስሐ አባትህ ጠይቅ፣ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ፒት ውስጥ ድፎ ዳቦ መቁረስ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ገንዘብ ማዋጣት ከፈለግህም የሜዳው ሰዎች የሚያውቁት መንገድ አለ። የሟቹን የመኪና ቁጥር ያህል ዶላር ለአንድ ዙር መሪ ትመድባለህ። ያንን ዙር ሲመራ የነበረው ነጂ ይወስደዋል፤ አስተዋዋቂውም ስሙን ይጠራል። አዘጋጆቹን አስቀድመህ አነጋግር። ሽማግሌው ቁጥር ስላልነበራቸው የውሃ መኪናቸውን ሞዴል ዓመት ብትወስድ አይከፋም። ሙሉውን ሳይሆን ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ብቻ፣ አደራ።

መሣሪያዎቹን ግዛ። ነውር የሚሆነው በርካሽ ስትወስድ ነው። ሚስቱ በርካሽ የምትልህ ከማታውቀው ሰው እጅ እንዳይገቡ ብላ ነው እንጂ ገንዘቡን ሳትፈልገው ቀርታ አይደለም። ሌላ መካኒክ ይገምትልህና ያለውን ክፈል፤ በአንዴ ካልቻልክ በወር በወር። ሟቹ ቁልፎቹን በቀለም ፕላስተር ምልክት አድርጎባቸው ከሆነ ሌሎቹ ፒት ውስጥ ያውቋቸዋልና የተዋሱትን ይመልሱልሃል። ክሪኩን ግን ከመክፈልህ በፊት መኪና አንሳበትና ጥቂት አቆየው። ዘይት የሚያፈስ ከሆነ የኀዘን ዋጋ አይከፈልበትም።