የአየር ብክለትን ማስተማር ሥራ ይሆናል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣ በአካባቢ ሳይንስ ተመርቀው ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ዓመት ያለ ሥራ እንደቆዩ፣ ስለ ከተማ አየር ብክለት ሕዝብን ማስተማር ሙያዎ እንዲሆን እንደሚሹ፣ ነገር ግን ሁለተኛ ዲግሪ ይቅደም ወይስ ሥራ በሚለው ላይ እንዳመነቱ ጽፈውልናል። በእኔ እምነት ዲግሪው ትንሽ ቢቆይ አይጎዳም። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚለው ሐረግ በየማመልከቻው ስለማይጠፋ ቀጣሪ አንብቦ ያልፈዋል፤ በእጅ የተሠራ ሥራ መዝገብ ግን ያስቆመዋል።

ከአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ጋር ይስማሙና ነጭ ካርቶኖች ላይ ስስ ቫዝሊን ቀብታችሁ አንዱን ባጃጅ በሚተራመስበት በቀፊራ ገበያ ዳር፣ አንዱን በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር፣ ሌላውን ከሰል በሚነድበት ማዕድ ቤት በእኩል ቁመት ስቀሉ (ውጭ ያሉት ፍየል የማይደርስባቸው ይሁኑ)። ከሳምንት በኋላ ተማሪዎቹ ካርቶኑ ላይ እኩል አራት ማዕዘኖች አስምረው የተጣበቀውን ብናኝ በአጉሊ መነጽር ይቁጠሩ። የቤቱ ካርቶን ጠቁሮ ያየ ልጅ እናቱን መስኮት ክፈቺ ሳይል አያድርም።

ሆኖም ካርቶኑ የማያሳየውን አብረው ካላስተማሩ ሥራው ያሳስታል። እጅግ የሚጎዳው ብናኝ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንስ፣ ወደ ሳንባ ጥልቀት የሚዘልቅ በመሆኑ በዓይን አይቆጠርም፤ በብርሃን ጨረር የሚሠራ መለኪያ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የእርስዎ ካርቶን ከዚህ ቁጥር ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ደግሞም የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋስ በተነሣ ቁጥር አሸዋው ካርቶኑን ይሞላዋልና በዚያ ማስረጃ ብቻ ፋብሪካም ሆነ ባለ ባጃጅ እንዳይከሱ። ይህን ልዩነት ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከቻሉ ሙያው በእጅዎ ነው።

ውጤቱን በሁለት ገጽ ጽፈው ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ለጤና ጣቢያዎችና በዘርፉ ለሚሠሩ ድርጅቶች ያቅርቡ። አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ የሚችሉ ከሆነ ከዲግሪዎ አስቀድመው ይጥቀሱት፤ በድሬዳዋ ገበያ በአማርኛ ብቻ ማስተማር ግማሹን ሰው መተው ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክቱም ይኸው መዝገብ የጥናት ሐሳብ ይሆንልዎታል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ይመዝግቡበት።