ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የእግር ጉዞ ብቻውን ለአጥንቴ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 51 ነው። የወር አበባዬ ከቆመ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ጠዋት ጠዋት ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄጄ ነው ሥራ የምገባው። እናቴ ባለፈው ክረምት ቤት ውስጥ ወድቃ እጇ ተሰብሯል፤ ከዚያ ወዲህ ከወንበር አላስነሣትም። እኔም እንደሷ እንዳልሆን ፈራሁ። ጉዞው ይበቃኛል? የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ልጄንም ሁሉ «አርፈሽ ተቀመጪ» ይላታል።

መልስ፦ እህቴ፣ ጉዞውን እንዳይተዉት። ለልብዎ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ትልቅ ጥቅም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ እያወሩ የሚሄዱበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎት ፍጥነት ከሆነ በአምስት የሥራ ቀን ሞልተውታል።

ለአጥንት ግን አይበቃም። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንስና ከሚገነባው አጥንት የሚፈርሰው ይበልጣል፤ በተለይ እርስዎ ባሉበት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። አጥንት የሚጠነክረው ደግሞ ጡንቻ ሲስበውና ክብደት ሲያርፍበት ነው። ስለዚህ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻዎን ያሠሩ። ጂም የግድ አይደለም። ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ጫፉ ላይ ይቀመጡ፤ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይነሡ፤ ሲቀመጡ ቀስ ብለው እንጂ ዘፍ አይበሉ። አሥር ጊዜ ሠርተው፣ ትንሽ ዐርፈው ይድገሙት። ሲቀልልዎ በሁለቱም እጅዎ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይያዙ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ሲያስሉ ወይም ሲሮጡ ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች ብዙ ናቸው፤ አፍረው እንቅስቃሴውን ይተዉታል እንጂ አይነግሩንም። ሽንት እንደሚቋጥሩ አድርጎ ጡንቻውን ለጥቂት ሴኮንድ መጭመቅና መልቀቅ፣ አሥር አሥር ጊዜ በቀን ሦስቴ፣ ለወራት ከተሠራ ብዙዎችን ያሻላል።

ልጅዎም ሐኪሟ ካልከለከላት ያንኑ 150 ደቂቃ ትንቀሳቀስ፤ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን ስኳር ይከላከላል። ደም ካየች፣ ውሃ ከፈሰሳት ወይም ራስ ምታት ከበረታባት ወዲያው ወደ ሕክምና ትሂድ።

እናትዎን ግን እባክዎ ያስነሡ። የተቀመጠ እግር ይደክማል፤ ሰውን የሚጥለውም የደከመ እግር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ጠረጴዛ ይዘው ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ እርስዎ አጠገባቸው ይቁሙ። ቆመው ሳሉ ወድቀው ከሆነ የተሰበሩት፣ አጥንታቸው ሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይጠይቁላቸው።