ኪኒኑን በራሷ አታቁም፣ የሚሰማትን ግን ሁሉንም ትናገር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍሽው ነው የመሰለኝ። ታናሽ እህትሽ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚባለውን ኪኒን ከጀመረች 6 ዓመት ሆኗታል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከጣላት ሁለት ዓመት አልፏል፣ ግን ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፣ ትረሳለች፣ ዘንድሮ ደግሞ ልታገባ ነው። «ብታቆመው ምን ይሆናል?» ነው ያልሽው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከ13 ዓመቴ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ ዛሬ 34 ሆኖኛል፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ወስጃለሁ፣ የ4 ዓመት ልጅም አለችኝ።

በራሷ እንዳታቆመው። እኔ አቁሜ አይቼዋለሁ። 11ኛ ክፍል እያለሁ እስክሪብቶ እንደያዝኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ማታ ደብተሬን ስከፍት ጽሑፌ ከመስመሩ እየወጣ ወደ ታች ተንሸራቶ፣ መጨረሻው ጭረት ብቻ ሆኖ አገኘዋለሁ። ፈተና ሲደርስ ለማንም ሳልናገር ኪኒኑን ተውኩት። ሁለት ሦስት ቀን ጭንቅላቴ ጥርት አለልኝ፣ ደስ አለኝ። በአምስተኛው ቀን ዓይኔን ስገልጥ ወለል ላይ ነኝ። ምላሴን ነክሼዋለሁ፣ ጎረቤታችን የጫሩት ክብሪት ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፣ እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ከጭንቅላቴ ስር አድርጋ ታለቅሳለች። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ነው በላይ በላዩ የጣለኝ። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ አንጎል ፍሬን እንደተበጠሰበት መኪና ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ማቆምም መቀየርም ካስፈለገ በሐኪም ትእዛዝ፣ በብዙ ሳምንታትና ወራት ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። (ክብሪቱ ምንም አይጠቅምም። ከጣላት በጎኗ አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።)

እንቅልፉና መርሳቱ ግን ስንፍና አይደለም፣ እባክሽ ቤተሰብ ይህን ይወቅላት። ፌኖባርቢታል ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረው እንደ ፈረንጆች በ1912 ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ጤና ጣቢያም ይገኛል፣ ለዚህ ነው አብዛኞቻችን በሱ የምንጀምረው። ግን ያፈዛል። እኔ ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» ብቻ እያልኩ ስንት ዓመት ባከነ! ስናገር ነው መድኃኒቱ የተቀየረልኝ። ብቻዋን የሆነች ከመሰላትም የነርቭ ሐኪሙ እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ቡታጅራ አካባቢ ያደረጉትንና በ1990 በፈረንጆች የወጣውን ጥናት ንገሪያት፤ ከ1,000 ሰው 5ቱ ይህ በሽታ ነበረባቸው። ጎረቤቷ ውስጥም አለ ማለት ነው፣ ተደብቆ።

አሁን ወደ ጋብቻው ልምጣ፣ እኔን ማንም ያልነገረኝ ይሄን ነው። ፌኖባርቢታል የወሊድ መከላከያ ኪኒንን እና ክንድ ላይ የሚቀበረውን ያዳክማል። «ተከላክያለሁ» ብላ ልታረግዝ ትችላለች። በየ3 ወሩ የሚወሰደው መርፌና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ በዚህ አይነኩም፣ ስለዚህ መከላከያ ልትጀምር ስትል የምትወስደውን መድኃኒት ስም ትናገር።

ሁለተኛው እርግዝና ነው። ለኔ ፌኖባርቢታሉ ቫልፕሮት በሚባል ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነበር የተተካው። እንቅልፉ ለቀቀኝ፣ ግን ወፈርኩ፣ ማበጠሪያዬም በፀጉር ይሞላ ጀመር። እሱን ቻልኩት። ልጋባ ስል አንዲት የነርቭ ሐኪም «መውለድ ታስቢያለሽ?» አለችኝና አዎ ስላት ካርዴን አገላብጣ ዝም አለች። ቫልፕሮት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት በ1ዱ ላይ ገደማ የአካል ጉድለት ያመጣል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ልጆችን እስከ 6 ዓመታቸው የተከታተለ፣ በ2013 የወጣ ጥናትም አለ፤ እናታቸው ቫልፕሮት ትወስድ የነበሩት ልጆች የአእምሮ ብቃት ልኬት በአማካይ 97 ሲሆን፣ እናታቸው ላሞትሪጂን የሚባለውን ሌላ የዚሁ በሽታ መድኃኒት ትወስድ የነበሩት ልጆች ግን 108 ነው። ይህን ቀድሞ ቢነገረኝ ምን ነበረበት? ፌኖባርቢታልም ለፅንስ ከስጋት ነፃ አይደለም፣ ስለዚህ ንግግሩ ከማርገዟ በፊት ይሁን።

እኔ ወደ ላሞትሪጂን ተቀየርኩ። ሽፍታ ስለሚያመጣ በጣም በትንሹ ተጀምሮ ነው የሚጨመረው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ዋጋው ከበድ ይላል፣ አንዳንዴም ሦስት አራት ፋርማሲ ዞሬ ነው የማገኘው። ሳረግዝ መጠኑ ደም ውስጥ ስለሚቀንስ እየተከታተሉ ጨመሩልኝ፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚንም ከማርገዜ በፊት ጀምሬ ወሰድኩ። ልጄ አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛው ስር ተደብቃ ትስቃለች።

ፀበል መሄድ ከፈለገች ትሂድ፣ ኪኒኗን ይዛ። በጾምም አታቋርጥ፣ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ያህል ማስታወሻ ትያዝ፤ ስንት ሰዓት ዋጠች፣ ስንት ሰዓት ፈዘዘች፣ ምን ረሳች። መጠኑን ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነም ትጠይቅ። አንቺም አብረሽ ግቢ። ሲጥላት ያየሽው አንቺ ነሽ፣ እሷ አታስታውሰውም።