ቁስሉን ተዉት፣ እግሩን አንቀሳቅሱት

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ በቀዶ ጥገና ከተቀየረ ዛሬ 5ኛ ቀኑ። ሆስፒታሉ ውሃ የማያስገባ ማሸጊያ ለጥፎ ሸኝቶናል። ሊጠይቃት የሚመጣው ሁሉ «ቁስል አየር ካላገኘ አይድንም»፣ «ማር ቀቡት» ይላል። እኔም ሰፈር ያለው ክሊኒክ በየቀኑ ላሳሽግላት ነው። እሷ ደግሞ ስለሚያማት ከጉልበቷ ስር ትራስ አድርጋ ትውላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እናትሽን እግዚአብሔር ማረልሽ። በየቀኑ ማሳሸጉን ግን አትጀምሪው። ማሸጊያው በደም ወይም በፈሳሽ ካልራሰ፣ ጠርዙም ካልተላቀቀ አትክፈቱት። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ 7 ቀን ያህል እንዲቆይ ተብሎ የተሠራ ነው።

ይህን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ተራ ቁስል ውስጥ የገባን ጀርም ሰውነት ይታገለዋል፤ እዚህ ግን ከስር ብረትና ፕላስቲክ አለ፣ ጀርም እዚያ ላይ አንዴ ከተጣበቀ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም፣ ጉልበቱ እንደገና ተከፍቶ እስከ መታጠብ፣ አንዳንዴም የተተካው እስከ መውጣት ይደርሳል። ቁስል ደግሞ ተሸፍኖ ነው በደንብ የሚገጥመው። ማሩንም ተዉት፤ በሕክምና ቁስል ላይ የሚደረገው ማር ጀርሙ ተገድሎለት የተዘጋጀ ነው፣ የገበያው አይደለም። ቅቤም ሆነ ጸበል ቁስሉ እስኪገጥም ድረስ አይንካው።

እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ትራሱ ነው። ዛሬውኑ አውጪው። ሲያስተኛ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ፤ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቅና እናትሽ ለወደፊቱ ሲያነክሱ ይኖራሉ። ፎጣ ጠቅልለሽ ከተረከዛቸው ስር አድርጊ፣ ጉልበቱ ወደ ታች ይዘርጋ፣ 10 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ደጋግማችሁ። የቁርጭምጭሚት እንቅስቃሴም ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ማስታገሻውን ከስፖርቱ 30 ደቂቃ ቀደም ብለው ይዋጡ። በወከር ወይም በክራንች ቤት ውስጥ ይራመዱ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ግን በየሰዓቱ። በዝቅተኛ የቡና በርጩማ አይቀመጡ፣ ከፍ ያለ ወንበር ፈልጊላቸው። ስግደቱም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። ጾም ላይ ከሆኑ የንስሐ አባታቸውን አማክሩ፤ ካልሆነም ምስር፣ ሽሮና ባቄላ አይጉደልባቸው፣ ቁስል የሚገጥመው በፕሮቲን ነው። ስኳር ካለባቸው መጠኑን በደንብ ተከታተሉ።

ጉልበቱ ለወራት መሞቁና ማበጡ፣ ሰማያዊው ምልክት እስከ ቁርጭምጭሚት መውረዱ አያስደንግጥሽ። ከሳምንት በኋላም ፈሳሹ ካልቆመ፣ መግል ካለው፣ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ትኩሳቱ ከ38 ካለፈ ግን ቀዶ ጥገናውን ወደ ሠራው ሐኪም ሂዱ። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተሽ አታስጀምሪያቸው፤ ሐኪሙ ከጉልበቱ ፈሳሽ ወስዶ ጀርሙን መለየት ሲፈልግ መድኃኒቱ ይደብቅበታል። ባታቸው ካበጠና ካመመ በዚያው ቀን ይታዩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። የታዘዘላቸው የደም ማቅጠኛ ካለ አንድም ቀን አይዝለል።

ስፌቱ ወይም ሽቦው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ማሸጊያውም ስፌቱም መቼ እንደሚነሱ ዛሬ ወደ ሆስፒታሉ ደውለሽ ጠይቂ፣ ቀኑንም ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊው፤ «ክፈቱት» የሚል እንግዳ ሲመጣ ቀኑን አሳዪው።