ታቦቱ ድንኳን፣ እኛ ሜዳ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የገጠሩ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን አርጅቶ ስለነበር ፈርሶ እንደገና እየተሠራ ነው። ለጊዜው ታቦቱ ድንኳን ውስጥ ነው። ቅዳሴውም እዚያው ነው፤ እኛ ሜዳ ላይ ቆመን እናስቀድሳለን። አንዳንዶች ግን «ሜዳ ላይ ምን ቅዳሴ አለ፣ ሕንፃው እስኪያልቅ ቤታችን እንጸልያለን» ብለው ቀርተዋል። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ልክ አይደሉም፣ እኅቴ። የቀሩትን ጥሪያቸው።

በዕድሜ ከሆነ ድንኳኑ ሕንፃውን ይበልጠዋል። እስራኤል ከግብጽ ከወጡ በኋላ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን እስኪሠራ ድረስ ከ400 ዓመት በላይ አልፏል። ያን ሁሉ ዘመን አምልኮው በድንኳን ነበር። ያዕቆብም «ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው» ያለው ድንጋይ ተንተርሶ ባደረበት ሜዳ ላይ ነው (ዘፍ. 28፥17)። ልድያ የጳውሎስን ቃል ሰምታ ያመነችው ወንዝ ዳር ነው (ሐዋ. 16)።

ወደ አገራችን እንምጣ። የዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው የሰፈሩ አብያተ ክርስቲያናት ድንኳኖች ነበሩ። ንጉሥ ያስቀደሰበትን ድንኳን እኛ የምንንቀው ምን ሆነን ነው?

ደግሞ ጥምቀትን አስቢው። በቤተ ክርስቲያን ሲነገር እንደኖረው ቀድሞ ታቦታቱ ወደ ውኃ ወርደው በዕለቱ ይመለሱ ነበር። ቅዱስ ላሊበላ የአካባቢው ታቦታት ባንድ ላይ እንዲወርዱ አደረገ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ በከተራ ወርደው እንዲያድሩ ሥርዓት ሠራ። ይኸው እስከ ዛሬ ጥር 10 ታቦቱ ድንኳን ገብቶ ያድራል። ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል፣ ቅዳሴ ይቀደሳል። «ሜዳ ላይ ምን ቅዳሴ አለ» የሚሉት ሰዎች ያን ለሊት የት ነው ነጭ ለብሰው የሚያድሩት? በአዘቦቱስ ቢሆን የገጠር ምእመን ስንቱ ነው ውስጥ ገብቶ የሚያስቀድስ? አብዛኛው ከግቢው ዛፍ ሥር ቆሞ አይደል እንዴ!

ሕንፃው ቢጎድልም ሥርዓቱ ግን አይጎድልም። ታቦቱ በጳጳስ የተባረከ ነው። ቀዳሾቹም ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ናቸው። የሚቆርብ ሰው እንደ ወትሮው ጾሞ፣ ንስሐ ገብቶ ይቀርባል። «ሣሩ እርጥብ ነው» ብሎ ጫማ አለማውለቅም አይሠራም። ሙሴ «ጫማህን አውልቅ» የተባለው ግድግዳ በሌለበት፣ በጎችን ሲጠብቅ በነበረበት ተራራ ላይ ነው።

አንድ ነገር ለሰበካ ጉባኤያችሁ ንገሪልኝ። በድንኳኑ ዙሪያ ገመድ ይወጠር። ወሰኑ ካልታወቀ ሰው እስከ ደጃፉ ጫማውን እንዳደረገ ይመጣል፣ ከብትም በቅዳሴ መሀል ያቋርጣል።